የሐሙስ ሻማ

ምስጢር ነው ይላሉ። እኔ ምን አውቄ፣
ከዩኒቨርሲቲው በር ተጣብቋል ሱቄ፤
ሳሙና፣ እስክርቢቶ፣ ብስኩትና ክብሪት፣
አንዳንዴም ዱቤ አለ፣ ለቸገረው ሌሊት።

ደሴ ጭጋግ ለብሳ ጦሳ ሲሰወር
ሰባት ልጆች መጡ፣ ሐሙስ ማታ ነበር።
አንድ አንድ ሻማ ገዙ፣ መብራቱ እያለ፤
ይማም የሚባለው ወደኔ ጠጋ አለ።
«እትዬ ጦይባ» አለኝ፣ «ማንም ቢጠይቅሽ፣
ሻማ የገዛ ሰው አላየሁም ብለሽ…»
አልጨረሰውም። ዐይኑ አብጦ ነበር።
«ሂድ» አልኩት፣ «ሱቅ እንጂ አይደለሁ ምስክር።»

ነገሩን ግን ኋላ፣ ቆይቶ ሰማሁ፤
ሳልጠይቅ ነገሩኝ፣ ሳልወድ አወቅሁ።

ኡጁሉ የሚሉት፣ የጋምቤላ ልጅ፣
ሁለት ቀን ሬሳው ዋለ በሆስፒታል ደጅ።
የደሴ ብርድ ነው፤ ሳንባውን ይዞት
ሦስት ሌሊት ሳለ፤ ባራተኛው ሞት።
በኛ አገር ደንቡ፣ ሰው ሲሞት ቅሬ አለ፣
ድንኳን የሚተክል፣ ቃሬዛ ያዘለ፤
የሱ ቅሬ የታል? ጋምቤላ ነው፣ ሩቅ።
ጽሕፈት ቤቱ አለ፦ «በጀት እንጠብቅ።»

ሬሳ ደብዳቤ አይጠብቅም።
ሰባቱ ሸጡለት፦ ከማል ጃኬቱን፣
እንግዳው ስልኩን፣ ሰይፈ ቀበቶውን፣
ይማም ፍራሹን፣ ያውም የግቢውን!
መኪና ተገኘ፣ ልጁ አገሩ ገባ፣
አፈርም አገኘ፣ የእናቱንም እንባ።

እነሱም ተማማሉ ሻማ አብርተው፣
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተሰብስበው፦
«እዚህ ግቢ ማንም ቀባሪ አይጣ፤
ማንም አይወቀን፣ ምስጋናም አይምጣ።»
(ምስጢር የተባለው፣ እውነቱን ካየነው፣
ግማሹ ለጽድቅ ነው፣ ግማሹ ለፍራሽ ነው።)

በዓመቱ ሻማው አሥራ አራት ሆነ፣
በሁለት ዓመቱ ሠላሳ ደፈነ።
እኔ ምን ቸገረኝ፤ ሻማው ይሸጣል፣
የታመመ ይጠየቃል፣ ያጣ ይሳፈራል።
ሰባቱ ተመረቁ፤ ጥቁር ካባ ለብሰው
ፎቶ ተነሱና ሄዱ ተበትነው፣
አንዱ ወደ መርሳ፣ አንዱ ወደ ከሚሴ፤
ምስጢሩ ብቻውን ቀረልሽ፣ ደሴ።

ከዚያ የመጡቱ፣ ሌላ ነው ነገራቸው።
ጥቁር ክር አሰሩ ከግራ እጃቸው፤
የይለፍ ቃል አለ፣ «ታላቅ ወንድም» አለ፣
በስሙ የሚፈራ፣ ሱራፌል የተባለ።
መጣና አንድ ሐሙስ፣ ሻማዬን አየና
«ቀይ የለሽም?» አለኝ፣ ነጩ አነሰና!
«ኡጁሉን ታውቃለህ?» አልኩት፣ መልስ ስሰጠው።
«ተማሪ ነው?» አለኝ፣ «የስንተኛ ዓመት ነው?»

በዚያው ሌሊት፣ አሉ፣ አዲስ ገቢዎቹን
በጨርቅ አሰሩና ሁለት ዐይናቸውን፣
ቦርከና ወሰዷቸው፣ ኅዳር ነው ወሩ፣
እስከ ወገባቸው በውሃ ሊማሩ።
ጠዋት አንዋር መጣ፣ የወረባቦው ልጅ፣
ዝንጅብል ፈልጎ፣ ሲንቀጠቀጥ ከደጅ።
«ምን ሆንክ?»
«ወደቅኩ።»
ሳለ።
ያን ሳል አውቀዋለሁ።
ኡጁሉም ከዚችው መስኮት ሥር ቆሞ
ማር ከረሜላ ገዝቶኝ ነበር፣ ታሞ።

በብርድ በሞተ ልጅ የቆመ ማኅበር
ልጅ ብርድ ውስጥ ነክሮ ወንድም ሊያደርግ ነበር!
ሐሙስ ሲመጡብኝ «ሻማ የለም» አልኩኝ፣
ሁለት ካርቶን ሙሉ ከእግሬ ሥር እያለኝ።

በኔ አልፈረሰም። እንዲያው ሳስቶ ሳስቶ፣
እንደ ጦሳ ጭጋግ ረፋዱ ላይ ጠፍቶ፣
ሠላሳው አሥር ሆነ፣ አሥሩም አራት፤
ስልኩ ሁሉ አወጣ የራሱን መብራት።
ክሩንም ከእጃቸው ፈትተው ጣሉት፣
አንዱን እኔ ጠረግኩ፣ ከደጃፌ መሬት።

አምና መጨረሻ፣ ሐሙስ ማታ፣ አንድ ልጅ
ብቻውን ብቅ አለ ከሱቄ ደጅ።
«ሻማ።»
ልቤ ደነገጠ። «ስብሰባ አለ እንዴ?»
«የምን ስብሰባ?» አለኝ። «መብራት ጠፍቶ ነው።»

እንግዲህ ምስጢር ካሉ፣ እኔም አንድ አለኝ፤
የይማምን ፍራሽ የገዛሁት እኔ ነኝ።
በእጥፍ ዋጋ ነው። ዛሬ መሐሉ ሰርጉዷል፣
የግቢው ማኅተም ግን ጥግ ላይ ይነበባል።
ብርዱ ሲጠናብኝ፣ ደሴ ጭጋግ ስትለብስ፣
እተኛበታለሁ።
ለማን ልመልስ?