ተረኛ

መጠይቅ ሰጡን ሰኞ ዕለት፣ አርባ ሁለት ጥያቄ፣
አጥፌ ከተትኩት በደረት ኪሴ፣ ከመታወቂያዬ ጋር ደባልቄ።
«ከአንድ እስከ ሰባት ካሉት ቁጥሮች አንዱን አክብቡ» ይላል፤
ስም አይጻፍበትም፤ እውነት ያለ ስም የሚወጣ መስሏቸዋል።

ሐሙስ ሌሊት ነው። ጊቫት ኦልጋ፣ ከባሕሩ ዳር ቆመናል፣
ግሪሻ «አሥር ደቂቃ» ብሎ ወንበሩን አጋድሞ ያንኮራፋል።
የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ቀይ መብራት ያርገበግባሉ፤
እነሱም እንደኛው ሳይተኙ ያድራሉ።

«ጠዋት ስነሳ ወደ ሥራ መሄድ ደስ ይለኛል»፦ ጥያቄ አንድ።
የትኛው ጠዋት? የኔ ጠዋት የሚነጋው ማታ በአራት፣
ሞሪያ ጥርሷን ፍቃ ስትተኛ፣
«ደኅና እደር» ትለኛለች።
ማደሩንስ አድራለሁ። «ደኅናውን» እንጃ። ተረኛ ነኝ እንጂ መች የምተኛ!

ቋንቋችን ክፉ ነው፤ አንዲት ቃል ሁለት ቤት ታድራለች፦
እኔ ከተማ እጠብቃለሁ፤ ውባለም እኔን ትጠብቃለች።
ቀበቶዬም ጠበቀ፣ በሌሊት ሻዋርማ ሆዴ ተነፍቶ፤
ያልጠበቀ ቢኖር የቤቴ በር ነው፣ ብሎኑ ከፋሲካ ጀምሮ ላልቶ።

ሬዲዮው ጠራን። «ሌባ ገባብኝ» ብለዋል ሽማግሌው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።
ግሪሻ ዓይኑን ሳይገልጥ «ሐሙስ አይደል እንዴ?» አለ፣ «ታዲያ ሌባ አይገባም ወይ?»
ሌባ የለም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሌባ ይገባል፤
መድኃኒታቸውን እደለድላለሁ፤ ነጩ ለግፊት፣ ቢጫው ለልብ፣ ግማሹ ሲመሽ ይዋጣል።
አምፖል እቀይራለሁ። የበራቸውን ብሎን አጠብቃለሁ።
የበራቸውን ብሎን!
(መፍቻው በእጄ እንዳለ ትንሽ ቆምኩ።)

«ልጅ አለህ?» አሉኝ። «ስንተኛ ክፍል ናት? መምህሯስ ማን ትባላለች?»
አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ።
«ደግ ሴት ናት» አልኩ፣ ወረድኩ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ጥያቄ ስምንትን አነበብኩ፦ «ሥራዬ ትርጉም አለው።»
ሰባትን አከበብኩ፤ ስምንት ቢኖር እሱን ነበር፤ እውነቴን ነው።
ዘጠነኛው፦ «ሥራዬ የቤተሰቤን ጊዜ ይሻማል።» እዚያም ሰባት።
ሁለቱ ሰባት በሚዛን ላይ እኩል መጡ፤
እኩል መሆናቸው ነው የከፋኝ።

ከኪዮስኩ አጠገብ የተቀመጡት ልጆች፣ በተሰባበረ አማርኛ፣
«አንተ የነሱ ነህ የኛ?» አሉኝ።
ይሄ በመጠይቁ ውስጥ የለም።

ንጋት አሥራ ሁለት ተኩል፣ ከደረጃው መሀል ተገናኘን፣
እሷ ነጭ ጫማዋን አድርጋ ወደ ሆስፒታል፣ እኔ ጥቁሬን እየጎተትኩ።
ርክክብ ነው ትዳራችን።
«አዲስ ነገር?»
«ጥርሷ ወለቀ። ወተት አልቋል። ሌላው ሰላም።»
«ተረክቤያለሁ።»
ቁልፉን ስትሰጠኝ ጣቷ መዳፌ ላይ ትንሽ ቆየ፤
አውቶቡሱ ግን አልቆየም።

ዓርብ ረፋድ ሸሚዜ ታጠበ፤ ኪሱን ያየ የለም።
አርባ ሁለቱ ጥያቄ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ተበተነ፤
ሰባቱም አንዱም አንድ ሆነ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ለቀምን፣ ሞሪያና እኔ፣
ምስር እንደሚለቅም ሰው ጎንበስ ብለን።
በወለቀው ጥርሷ ክፍተት እያፏጨች ታወራለች፦
«ኦርታል ተቆጣችኝ፣ መምህሬ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች።»
ኦርታል። ኦርታል።
እንደሚፈለግ መኪና ታርጋ በሆዴ ደጋገምኩት።
ከማዕረጌ ስር አንዲት ብጣሽ አወጣች፤
«ምን ይላል፣ አባ?»
ቁጥር ይሁን ፊደል አልለየሁም።

ስልኩ ጮኸ። ጣቢያው ነው።
አንዴ። ሁለቴ።
ሞሪያ ለቀማዋን አላቆመችም፤ ፉጨቷ ግን ቆመ።
በአራተኛው አነሳሁ።

ሌላ ጊዜ በአንደኛው ነበር።