ብዙ ዓይን

«ዋጋ አታስቀድም» አለችኝ ኦርታል፣
ቂርያት ማላኪ፣ ከብየዳ ቤቴ ደጃፍ ቆማ።
«ማክሰኞ ጧት አንድ ታሪክ፣
ሐሙስ እጅህን፣ የእሳቱን ፍንጣሪ።
ደሞ ፊትህን አሳይ፣ አባ፤
ሰው የሚገዛው ከሰው ነው።»

ፊቴን!
የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ እኮ።
ማረሻውን የሠራንለት ጎረቤት
ልጁን በጋቢ ሸፍኖ ነበር የሚያልፈን፣
ዓይናችን እንዳይበላው።
አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቀጠቀጠ፤
እንደደፋ ሞተ።

የመስኮት ፍርግርጉን ጨርሼ፣
የብየዳ መነጽሬን ገፍፌ
ሊንክዲን ላይ ፊቴን ለጠፍሁ።

ማታ ስልኩን አቀበለችኝ፦
«አራት መቶ ሦስት ሰው አይቶሃል፤
አንድ መሐንዲስ ከአሽዶድ አጥር ይፈልጋል።»

ስምንት መቶ ስድስት ዓይን፣ አልሁ በልቤ፤
አንዱም አልበላኝ።

ሜትሬን የት ነው የጣልሁት?
ሐሙስ ደግሞ እጄ አለ።