የአገጭ መስኮት

ቱሉ ዲምቱ፣ ከቀለም መሸጫው ጎን፣
አንዲት ወንበር አለችኝ፣ መብራቷ አንገቱን የደፋ።
የመንገዱ አቧራ በበሩ ሥር ሾልኮ
መስታወቴን ያለብሳል፣ ገና ጠርጌው ሳልቀመጥ።

ማክሰኞ ጧት አቶ ሁንዴ በዳሳ መጡ።
(ሁንዴ በቋንቋቸው ሥር ማለት ነው።)
ጥርሳቸው በመሐረብ ተጠቅልሎ ኪሳቸው ውስጥ ነው፣
አፋቸው ውስጥ አይደለም።
«ስነክስበት፣ እዚች ጋ» አሉ፣ አገጫቸውን በጣታቸው ነክተው፣
«መብረቅ ይወርዳል፣ ከከንፈሬ እስከ ታች።
ጥርሱ የፋብሪካ፤ ሕመሙ እንዴት የኔ ሆነ?»

ራጁን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት።
መንጋጋ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ መንገድ ነው።
መምህራችን በቃል ያስጠኑን ነበር፦

ከጆሮ ሥር በታች በውስጥ በር ይገባል፣
ከደም ሥሩ ጋራ ጎን ለጎን ያዘግማል፣
ለየጥርሱ ሥር ክር እየለየ ያድላል፣
ከክራንቻው ኋላ በመስኮት ብቅ ይላል።

ያችን የውስጥ በር አይቻት አላውቅም።
ጥርስ ልነቅል መርፌዬን የምልከው በግምት ነው፣
እንደ ሌሊት እንግዳ ደጅ እየዳሰስሁ፤
ከንፈሩ «ደነዘዘ» ሲል ነው መድረሴን የማውቅ።

መስኮቷን ግን አሳየኋቸው፣ በራጁ ላይ፣ ጥቁር ነጥብ።
«በሕፃን ወደ ታች ናት፣ ለአገጭ ጠርዝ የቀረበች፤
በጎልማሳ መሐል ላይ።
በርስዎ፣ ይኸው፣ ከድዱ አፋፍ ደርሳለች፤
ጥርሱ ሲነክስ የሚረግጠው እሷን ነው።»

«ወጥታ ነዋ!»

«አልወጣችም፤ ባለችበት ናት።
አጥንቱ ነው የወረደው።
ጥርስ ሲሄድ የቆመበት ግንብ ይሟሟል።»

ዝም አሉ። ቆይተው በበሬ ማዶ አሳዩኝ፦
ግሬደር የቆረጠው መንገድ፣ ቀይ አፈር፣
ከመንገዱ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ
ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣
ደረጃ የሌለው፣ ማንም የማይገባበት።
«የኔ ነው። አዲስ የመጣ ሁሉ ‹ሽማግሌው ገደል ላይ ሠራ› ይለኛል።
እኔ የሠራሁት ሽምብራ ከምዘራበት ሜዳ ላይ ነበር።
በሩ እኮ...»
አልጨረሱትም።

ድዳቸው ላይ በቀለም ነጥብ አደረግሁ፣ አስነከስኋቸው፣
ነጥቡ ፕላስቲኩ ላይ ታተመ፤
እዚያው ላይ በመፍጫዋ ቦረቦርሁ፣
የምስር ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ፣
ነርቭ የምትተነፍስባት።

ነከሱ። ጠበቁ። ደግመው ነከሱ።
መብረቁ አልመጣም።
«ለጥርሱ ከፍያለሁ» አሉ፣ «ለቀዳዳውም ይከፈላል?»
መቶ ሃምሳ ብር፣ አልኩ። ቆጥረው ሰጡኝ።
ከዚያ መንገዱን ተሻግረው፣
በጎረቤት ግቢ ዞረው፣ በጓሮ በኩል ወደ ቤታቸው ገቡ።

ማታ መብራት ጠፋ።
በጨለማው አውራ ጣቴን ከከንፈሬ ሥር ጫንሁት፣
ትንሽ ነዘረኝ።
ገና መሐል ላይ ናት።