ስልሳ ግራም

በሞንቴቪዴዮ፣ በባሕሩ ዳርቻ ጎዳና፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ካልመጣና
ጉልበቷ ከፈቀደ፣
ኦቲልያ ትሮጣለች፤
ሩጫ ከተባለ፤ ያረጀ ውሻ እንኳ ቀድሟት እየሄደ።

መጽሐፍ ጠራዥ ናት፤ ታውቃለች ቆዳና ስፌት፤
ጫማውን ገልብጣ ዐየችው፣ ከውስጥ ከኋላ ከፊት፤
ተረከዙን ጫነች፣ ሶሉን አጠፈች፣
እንደ መጽሐፍ ጀርባ በጥፍሯ ፈተነች።

«ይሄ ለጭቃ ነው» አለ ሻጩ ናዌል፣
«ያኛው ግን ላባ ነው፤ በስልሳ ግራም ያንሳል።»
«ስልሳ ግራም ስንት ነው?»
ከምሳ ዕቃው ሎሚ አወጣና እጇ ላይ አኖረው።

ዋጋው ደግሞ እጥፍ! ለአንድ ሎሚ ጉድለት
የአሥር መጽሐፍ ጥረዛ ሊሄድበት!
ደግሞስ ማንን ልትቀድም? ሜዳልያ ማን ሊሰጣት?
የመጨረሻ መስመሯ ያው የዳቦ ቤቱ መብራት።

ግን አጠለቀችው። ሮጠች እስከ አውቶቡስ ፌርማታ፤
እግሯ ከመሬት ሲነሣ፣ ለአፍታ ሳያመነታ።
ኪሷ ግን ጮኸባት፤ የቁልፍ ዘለላ፤
የቤት፣ የሱቅ፣ ከተሰረቀ የቆየ የብስክሌት፣ ሌላም ሌላ፤
የወንድሟ የኤቫሪስቶም፤ ቤቱ ከተሸጠ ስድስት ዓመት አልፎታል፣
ቁልፉ ግን አብሯት ይሮጣል።

ሚዛን ላይ አኖረችው፤ ከአንድ እግር ጫማው አለፈ፤
ናዌል ሣቁን ዋጠ፤ መርፌው ተንቀጥቅጦ ዐረፈ።

ቀላሉን ገዛች።
የብስክሌቱን ቁልፍ ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣
የሱቁን ለብቻ አኖረች፣
የኤቫሪስቶን ግን፣ በሁለት ጣቷ ይዛው ቆይታ፣
መልሳ አስገባች።

«ይቺማ» አለች፣ «ሎሚ አታህል።»

ማክሰኞ ነው። ውሻው ቀድሟታል።
ኪሷ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል።