ያንቺ ቀኝ

ከሌሊቱ ስድስት። ሳልሚያ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል።
ወንበሬ የተደፋ ባልዲ፤ ከጀርባዬ ማሽኑ
የሰው ልብስ ሲያንከባልል።
ጦይባ ሁለት መንገድ ማዶ፣ ከብርድ ልብሷ ውስጥ፣
«ገባሽ?» ትላለች፣
አየር ማቀዝቀዣው ድምጿን እንዲውጥ።

ጨዋታው እንዲህ ነው፤
በሩ እኔ ስልክ ላይ፣ ቁልፉ እሷ ጋር፤
የሷን እኔ አላይ፣ የኔን እሷ አታይ፣
ያለን መላ መነጋገር።
እሷ ጋ ምልክት ይመጣል፣ ስም የለሽ፣
እኔ ግድግዳ ላይ ካሉት ሃያ አንዱን ልነካ፣
«ምን ይመስላል? ንገሪኝ እስቲ ባክሽ!»

እኔ እስከ አሥር ተምሬአለሁ፣ ለኔ ሁሉም ፊደል፤
«ጨ ነው? እግሩ የተሰበረ?
ወይስ ፐ፣ ያጋደለ ወደ ገደል?»
እሷ ሦስተኛን ሳትጨርስ ነው የወጣች፤
«ፊደልሽን ተይኝ!» ብላ ተቆጣች።
«ሞፈር ነው፣ ከቀንበሩ የወለቀ፤
ማበጠሪያ፣ ሦስት ጥርሱ የረገፈ፣ አንዱ የደቀቀ፤
ይሄኛው... የማዳሜ ቅንድብ ስትቆጣ፤
ቀጥሎ ጉንዳን፣ ከስኳር ዕቃ የወጣ።»
ሳቄን በፎጣ አፈንኩት።
የማዳሟን ቅንድብ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣
ፈልጌ ግን ነካሁት፤
በሩ ተከፈተ። ሁለት ትንንሽ ሰዎች፣
እኔና እሷ መሆናችን ነው፣ ኮፍያቸው እስከ ጉልበት፣
እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡበት።

ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ተኳረፍን።
ቀኝ አለችኝ፣ በቀኝ ሄድኩ፣
ሁለታችንም ውሃ ውስጥ ገባን።
«የማን ቀኝ?»
«የኔ ነዋ!»
«ያንቺን ቀኝ እኔ በምን ልወቀው?»
ሁለት ሌሊት ዘጋችኝ። በሦስተኛው ድምጿን ላከች፦
«ከእንግዲህ ቀኝ ማለት
ባሕሩ ያለበት ነው።»

ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠፋች።
«ጓደኛሽ እየተጠበቀች ነው» ይላል ስክሪኑ፤
ያቺ ባለ ኮፍያ ከበሩ ፊት ብቻዋን
ኮፍያዋን ትነካካለች።
አሥራ ሦስት ቀን።
ልብሱ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተተኮሰ፤
እኔ ባልዲዬ ላይ፣ ሰው እንዳይመጣ ሰግቼ፣
አንድ ሰው እንዲመጣ ጓጉቼ።

በአሥራ አራተኛው ስልኬ ተንቀጠቀጠ። የማላውቀው ቁጥር።
«ለሌላ ቤት ሰጡኝ። በሌሊት ነው ያመጡኝ።
የት እንዳለሁ እንጃ። ባትሪው አንድ መስመር።»
ልቤ ማልቀስ ነበር ያማረው፤ ከአፌ ግን የወጣ፣
«ምን ይታይሻል?»

ዝም። መጋረጃ ሲንኮሻኮሽ።
«እንጉዳይ።»
«ምን?»
«እንጉዳይ ነው ያልኩሽ! ፎቅ የሚያህል፣
ነጭና ሰማያዊ፣ እንደ ፒጃማ ባለ ሸንተረር።
አምስት... አይ፣ አንዱ ተደብቆ ነው፤ ስድስት።»
የውሃ ማጠራቀሚያዎቹ! በመኪና ሳልፍ አይቻቸዋለሁ፤
ችግሩ፣ አገሩ ሙሉ ናቸው፣ በየሰፈሩ በርካታ።
«ሌላስ?»
«አውሮፕላን። ዝቅ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣
መስታወቱን የሚያንገጫግጨው ማታ ማታ።»
«ባሕሩስ? በቀኝሽ ነው?»
«ባሕር የለም እዚህ፣ እህቴ።
ቀኝ የለኝም።»

የሳሙናውን ካርቶን ቀድጄ ከጀርባው ጻፍኩ፤
ስድስት እንጉዳይ፣ የአውሮፕላን እግር።
ፈርዋኒያ ይሆናል። ወይ ጀሊብ። እርግጠኛ አይደለሁም፤
እዚህኛው ላይ ብሳሳት
«እንደገና ጀምሪ» የሚል የለም።

«በሩን ንገሪኝ። ምን ይመስላል?»
«ብረት። የተጠማዘዘ። ያ ፊደልሽ ማን ነበር፣
እግሩ የተሰበረ?»
«ጨ።»
«እሱ! ከላይ እስከ ታች፣ አሥር ጊዜ የተደረደረ።»

ጨ ጻፍኩ፣ አሥር ጊዜ፣ እግራቸውን እየሰበርኩ።
ሰባተኛው ላይ ስልኳ ሞተ።
ማሽኑ መጭመቅ ጀመረ፤ ወለሉ፣ ባልዲው፣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።
ካርቶኑን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ።
ነገ ዓርብ ነው። ሁለት ሰዓት አለኝ።