አራተኛው ወንበር

ኦውሉ ከተማ ነው፣ በረዶ መስኮት ላይ፣
ገና ዘጠኝ ሳይል ጠቆረብን ሰማይ።
ስምንት ሰልጣኞች ነን በክብ የተቀመጥን፣
የሰው ኀዘን መያዝ ከደብተር ያጠናን።

ራይሊ መምህራችን ሶፍቱን አነሳችው፣
ቁም ሣጥን ውስጥ ከታ ቆልፋ ደበቀችው።
“ቶሎ የሰጡት ሶፍት ‘ዝም በሉ’ ማለት ነው።”

ለዮርማ ዕጣው ወጣ፦ ልጁን ያጣ አባት።
አራት ወንበር ቀርቧል፣ አንዱ ሰው የለበት።

“ጫማው” አለ ዮርማ፣ “ሠላሳ ስምንት ነበር፤
ጭቃውን አላራገፍኩም። እዚያው ነው፣ ከበሩ ሥር።”

ወረቀቱን አየሁት፤ ጫማ የሚል የለም።
ራይሊ ቁልፉን ጨበጠች። ያጠናሁት ቀለም
በኖ ጠፋ።

“ቀለሙስ?” አልኩት ዝቅ ብዬ፣ “የጫማው?”

ቆየ።

“ሰማያዊ” አለ።