ሁለቴ የምትመጣ ሰዓት

ግዳንስክ ላይ የካቲት ነው፤ በረዶው ጠቁሯል፣
ትራሙ ጭቃውን እየረጨ ያልፋል።
መርከብ ሠሪዎቹ ትተውት በሄዱት በአሮጌው ሕንጻ ላይ
አሥራ አንዳችን ቆመናል፣ ቢጫ ወረቀት የለበሰ ግድግዳ ስናይ።

«ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬስ ምን ልትሠራ?
የያዘህ ነገር አለ?» ትላለች ያግና፣ በተራ በተራ።
መቆማችን ለዚህ ነው፤ ወንበር ወሬ ያስረዝማል።
አንዱ ዳታቤዙን፣ አንዱ ጉንፋኑን ያማርራል።
ቦጉሚው ብቻ ለሦስተኛው ጥያቄ፣ ሦስቱንም ቀን፣
«ምንም» ብሎ በመስኮት ያያል፣ የወደቡን ክሬን።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የትራሞቹን የጉዞ ሰሌዳ
እሱ ነው የሚያውቀው፣ ከነጓዳ ጎድጓዳ።
ለእኔ ደረሰኝ፤ አንድ ኪቦርድ ለሁለት፣
አራት አራት ደቂቃ፣ እሱ ሲጽፍ እኔ አፌን ስከፍት።

«ፈተናው ይቅደም» ትላለች፤ «ኮዱ ገና ሳይወለድ
የሚጠበቅበትን ጻፉ፤ ይውደቅ፤ ቀዩ ይንደድ።
ከዚያ እንዲያልፍ ያህል ብቻ፣ ከዚያ በላይ አትጻፉ፤
አረንጓዴ ሲሆን አጽዱት፤ ወደ ቀጣዩ እለፉ።»

ቦጉሚው ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ፦ «እናቴ ማታ ማታ
‹ወደ ፈተና አታግባን› ትል ነበር ለጌታ፤
በስተርጅና መሥሪያ ቤቴ ከፍሎ ያስገባኝ ወይ?»

በአራተኛው ቀን «የምትፈሩትን አምጡ» አለች፣ «ከገዛ ቤታችሁ።»
አንድ ፋይል ከፈተ።
ከዘጠኝ መስመር በላይ፣ በትልልቅ ፊደል፦
«እዚህ አትንኩ። ዝ.»

«ዝጂስዋፍ ነው» አለኝ። «ድንገት ነው የሞተው፤ ወንበሩን ሌላ ወረሰ፤
ይህችን ግን፣ ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት፣ ማንም አልዳሰሰ።»

ዘጠኙ መስመር የሚጠብቀው አንዲት ሌሊት ነው፣
በጥቅምት አጋማሽ አገሩ ሰዓቱን ወደ ኋላ ሲመልሰው።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲሆን፣ ተመልሶ ስምንት ይላል፤
ያለፈው ሰዓት፣ ቁልፍ እንደረሳ ሰው፣ ዞሮ በሩን ያንኳኳል።
ታዲያ የስምንት ተኩሉ ትራም አንዴ ይሂድ ወይስ ሁለት?
አሽከርካሪዋስ የየትኛውን ትንዳ? የየትኛው ይከፈላት?

ፈተናውን ጻፍን። ዐይኑን ጨፍኖ ተጫነው።
አረንጓዴ።
አንዴ። ዝጂስዋፍ ልክ ነበር።

ያግና ከኋላችን ነበረች። «ቆዩ» አለች ቀስ ብላ፤
«ቀይ ሆኖ ያላያችሁትን አረንጓዴ አትመኑ።
ሌባ መጥቶበት የማያውቅ ዘበኛ
በምን ይታወቃል፣ ይንቃ ይተኛ?
መስመሩን አጥፉት። ይውደቅ። ከዚያ መልሱት።»

ደወሉ ጮኸ፤ አራቱ ደቂቃ አለቀ፤ ተራው የእኔ ነበር።
ኪቦርዱን አልሰጠኝም። እኔም አልጠየቅሁ።
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።
ታች መንገድ ላይ አንድ ትራም ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ።
ከዚያ አንዲት መስመር መረጠ፤
የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ በሚጠነቀቅ ጣት
ሰረዛት።

ቀይ።
«የሚጠበቀው አንድ፤ የተገኘው ሁለት» አለ ስክሪኑ፤
ባዶ ትራም በባዶ ሐዲድ፣ ለማንም፣ ዳግመኛ ሲጓዝ ታየኝ።

«አየህ!» አለ ቦጉሚው።
እኔ ሴት ነኝ። «አየሽ» አላለም።
«አየህ እንዴት እንደያዘችው!»
መስመሯን መለሳት። አረንጓዴ።
መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ጠረገ፤ ብዙ ጠረገ።

ዓርብ ጧት እንደገና ቆመናል።
«ትናንት?» «አንድ ፈተና።»
«ዛሬ?» «ሌላ አንድ።»
«የያዘህ ነገር አለ?»
መስኮቱን አላየም። «ሰው ይዞኝ ነበር» አለ፤
«ትናንት ለቀቀኝ። ወይም እኔ ለቀቅሁት፤ አላጣራሁም።»

ማታ ሁሉም ሲወጣ ፋይሉን ከፍቼ አየሁ።
«እዚህ አትንኩ» የምትለው አልጠፋችም፤
ከሥሯ አንዲት አዲስ መስመር ገብታለች፣ በትንንሽ ፊደል፦
«ስትነኩ ፈተናውን አሂዱ። ቦ.»